«ከ400 ዶላር በታች ባለ መነጽር ጠመንጃ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ፤ ርዕሱ «ከ400 ዶላር በታች ባለ መነጽር ጠመንጃ» ይላል። በሦስት ቀን ውስጥ አራት ሰው ላከልኝ። አራተኛው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ከሥሩ «አንተ መቼም ቅዳሜ ቅዳሜ ተኩስ ቦታው ነህ፣ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚል ጥያቄ ጨምሮበታል። «ግዛ፤ ይኼንን ግን አትግዛ» ብዬ ጻፍኩለት። ለምን ሲለኝ መልሱ በአንድ መልእክት የሚያልቅ አልሆነም።

በቅድሚያ ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ የዒላማ ተኩስ ቦታ ላይ ከጎን አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም፤ ስለ ነገሩ ቁጭ ብሎ በአማርኛ የሚጽፍ ግን እምብዛም አላየሁም። እሳቸው ጽፈዋል። ጀማሪ በትዌንቲ ቱ፣ ማለትም በትንሿ .22 ጥይት በሚተኮስ ጠመንጃ፣ ይጀምር ማለታቸውም ልክ ነው። ጠመንጃው አይራገጥም፣ ጥይቱ ከሌላው ሁሉ ይረክሳል፣ የሰው ትከሻም ሆነ ኪስ አያደማም። የጆሮ መሸፈኛና የዓይን መከላከያ ሳታደርጉ አትተኩሱ ያሉበትን አንቀጽ ደግሞ እኔ ራሴ ብጽፈው ከዚያ አላሳምረውም።

የሚሉት ባጭሩ ይኼ ነው። መቀርቀሪያ እየሳቡ የሚተኩሱበት ጠመንጃ የአያቶቻችን ነው፤ ጀማሪ ሰሚ አውቶማቲክ፣ ማለትም ምላጩ በተሳበ ቁጥር እየተኮሰ የሚቀጥለውን በራሱ የሚያጎርሰውን፣ ይግዛ። ትዌንቲ ቱ ስለማይራገጥ ማንኛውም የማነጣጠሪያ መነጽር ይበቃዋል፤ እንግዲያው ከ3 እስከ 9 ጊዜ የሚያጎላውን ትልቁን መምረጥ ነው፤ ተገጥሞ ከጠመንጃው ጋር በአንድ ካርቶን የሚሸጠው ደግሞ ይበልጥ ያዋጣል። ፈጣን ጥይትን ነፋስ አይገፋውም፤ ስለዚህ 500 ፍሬ የያዘውን ርካሽ ሳጥን አንሡ። ያገለገለ ጠመንጃ የሌላ ሰው ችግር ነው። ትንሽ አቅም ያለው ደግሞ ትዌንቲ ቱን ዘልሎ ሰቨንቲን ኤች ኤም አር ወደሚባለው ፈጣን ጥይት ይለፍ። መጨረሻ ላይ «ዜግነት የሌለው ሰው መግዛት አይችልም» የሚል አንድ መስመር ጣል አድርገዋል።

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ያልጠየቀውን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፦ ጠመንጃው ለምንድን ነው? አሜሪካኖቹ «ስኩረል ራይፍል» የሚሉት፣ ባለ እንጨት ሰደፍ፣ ባለ መቀርቀሪያ፣ አነስተኛ መነጽር የተቀመጠበት ጠመንጃ የተወለደው ጫካ ውስጥ ነው። ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ሲሆን ሰውዬው ከዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ በ20 ወይም በ30 ያርድ ላይ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ስኩረል የሚሏትን ዛፍ ላይ የምትዘል ትንሽ እንስሳ ይጠብቃል፤ ማታ ወጥ ይሠራበታል። እኛ ጋ ይኼ የለም። ጥንቸል እንኳ ከአብዛኞቻችን ድስት አይገባም፣ ስኩረልማ እንዴት ተደርጎ! ስለዚህ የኛ ሰው ጠመንጃ ሲገዛ ጠቡ ከወረቀት ጋር ነው፤ 50 ያርድ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ጋር፣ ቅዳሜ ጠዋት። ጸሐፊው የሰጡትን ምክር ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው።

ከመቀርቀሪያው እንነሣ። «የአያቶቻችን» የሚለው ስድብ ከሆነ እኔ በደስታ እቀበለዋለሁ። በአድዋ ጊዜ በአባቶቻችን እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዷ ውጅግራ ናት፤ የፈረንሳዩ የ1874 ግራስ። አንድ ጥይት ብቻ ትጎርሳለች፣ እሷን ከተኮሱ በኋላ መቀርቀሪያዋን ከፍቶ ሌላ ማጉረስ ነው። ይኼን ያነሣሁት ለፉከራ አይደለም፤ አንዲት ጥይት ብቻ ያለችው ሰው አተኳኮሱ እንደሚለይ ለማስታወስ ነው።

የፍጥነቱን ክርክር ካነሡ ደግሞ ባያትሎን የሚባለውን የበረዶ ሸርተቴና የተኩስ ውድድር ይመልከቱ። ከ1978 ጀምሮ የሚተኮሰው በትዌንቲ ቱ ነው፤ ርቀቱ 50 ሜትር፣ ተኝቶ የሚመታው ክብ ስፋት 45 ሚሊ ሜትር። ሰውዬው በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ቆይቶ ልቡ እየዘለለ ይደርስና አምስት ጥይት ይተኩሳል፤ ጎበዞቹ ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳሉ። ጠመንጃው በእጅ የሚሳብ ነው። «እሱማ ሰሚ አውቶማቲክ በደንቡ ስለተከለከለ ነው» ይሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ተከልክሏል። ይሁንና በእጅ መሳብ ቀርፋፋ ነው የሚለውን ሐሳብ ለማፍረስ ያ ግማሽ ደቂቃ ይበቃኛል። ጀማሪ ደግሞ ከዚያ መፍጠን ለምን ያስፈልገዋል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ሰሚ አውቶማቲክ የያዘ አዲስ ሰው የመጀመሪያው ሲስትበት ምን እንደሚያደርግ በየሳምንቱ አያለሁ፦ ወዲያው ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ ካዝናው እስኪያልቅ። ለምን እንደሳተ ሳያውቅ ዐሥር ጥይት አለቀ። መቀርቀሪያ መሳብ የሚፈጀው ጊዜ ሰው ትንፋሹን የሚሰበስብበትና «ምላጩን ነጠቅሁት እንዴ?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት ነው።

ጸሐፊው ያልነኩት ሌላ ነገር አለ። ሰሚ አውቶማቲክ አንዴ ሲተኮስ የሚቀጥለው ጥይት በራሱ ይጎርሳል። ልጁን ይዞ የመጣ አባት፣ ወይም ከተኮሰ በኋላ ደስ ብሎት «አያችሁ!» እያለ ወደ ኋላ የሚዞር ጀማሪ (ይኼ በዓይኔ የሆነ ነው፤ ሁላችንም መሬት ላይ ነበርን) የያዘው የጎረሰ ጠመንጃ ነው። ባለ መቀርቀሪያው ግን የሚቀጥለውን የሚያጎርሰው በሰውየው እጅ ብቻ ነው። መቀርቀሪያው ተከፍቶ ከተቀመጠ ባዶነቱ ከሩቅ ይታያል።

እዚህ ላይ የማምንላቸው አለ። እሳቸው በምሳሌነት የጠቀሱት ሩገር ቴን ትዌንቲ ቱ መጥፎ ጠመንጃ አይደለም። ከ1964 ጀምሮ እየተሠራ ነው፤ ካዝናው ዐሥር ጎራሽ፣ ጠንካራና አስተማማኝ ነው። አጨዋወቱን የለመደ ሰው በርሜሉን፣ ምላጩን፣ ሰደፉን እየቀያየረ የሚገርም ነገር ያወጣበታል። ነገር ግን ይኼ ሁሉ መቀያየር ብር ነው፤ እኛ የምናወራው 400 ዶላር ስላለው ሰው ነው። በዚያው ዋጋ ክልል ውስጥ ያለ ባለ መቀርቀሪያ፣ ለምሳሌ ሳቬጅ ማርክ ቱ፣ ከካርቶኑ ሲወጣ የምላጩን ክብደት ማስተካከል ይቻላል። ሩገር ራሱ የሚሠራው ባለ መቀርቀሪያ፣ አሜሪካን ሪምፋየር የሚባለው፣ የቴን ትዌንቲ ቱን ካዝና ይቀበላል፤ ነገ ሁለተኛ ጠመንጃ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው አንድ ወጪ ቀነሰለት ማለት ነው።

አሁን መነጽሩ። ጽሑፉ በጣም የተሳሳተው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የተሳሳተውም ግማሽ እውነት ይዞ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልሂድበት። ትዌንቲ ቱ ስለማይራገጥ መነጽሩን አይሰብረውም፤ እውነት። ከዚህ ተነሥቶ «ማንኛውም መነጽር ይበቃዋል» ማለት ግን ጫማ የሚመረጠው አለመቀደዱን ብቻ አይቶ ነው እንደማለት ነው፤ ቁጥሩስ?

የመነጽር ቁጥሩ ፓራላክስ ይባላል። ነገሩን ለመረዳት አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አውራ ጣታችሁን ከግድግዳው ሰዓት ፊት አቁሙና ራሳችሁን ግራ ቀኝ አንቀሳቅሱ፤ ጣቱ በሰዓቱ ላይ ይሄዳል። በመነጽር ውስጥ ያለው መስቀልም እንዲሁ ነው። ፋብሪካው መስቀሉና ዒላማው በአንድ ርቀት ላይ እንዲገጣጠሙ አድርጎ ይዘጋዋል፤ በዚያ ርቀት ላይ ዓይናችሁ ትንሽ ቢዛነፍም መስቀሉ ከቦታው አይነቃነቅም። በሌላ ርቀት ግን ይሄዳል። ለትልልቅ ጠመንጃ የተሠራ ተራ መነጽር ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው በ100 ያርድ ነው፤ አንዳንዱ ከዚያም በላይ። ለትዌንቲ ቱ ተብሎ የተሠራው ግን በ50 ወይም በ60 ያርድ።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። የጸሐፊው መነጽር የፊት መስታወቱ ስፋት 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግማሹ 20። በ100 ያርድ የተዘጋውን ይዞ 50 ያርድ ላይ የሚተኩስ ሰው ዓይኑ ጠርዝ ላይ ከሆነ መስቀሉ የዚያን ግማሽ፣ ማለትም 10 ሚሊ ሜትር ድረስ ይዋሸዋል። ርቀቱ 25 ያርድ ከሆነ 15 ሚሊ ሜትር። አሥር ሚሊ ሜትር ምንድን ነው? ለሚሉ፣ በኦሎምፒክ የ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድር ዐሥር ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ከዳር እስከ ዳር 10.4 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ ምላጩን ሳይነካ፣ ነፋስ ሳይነፍስ፣ ጥይቱ ሳይሳሳት፣ ጉንጩን ሰደፉ ላይ በትክክል ስላላሳረፈ ብቻ አንድ ሙሉ ዐሥር ሊያመልጠው ይችላል። ጀማሪ ደግሞ ጉንጩን ሁልጊዜ አንድ ቦታ የማያሳርፍ ሰው ነው፤ ጀማሪ ያሰኘውም ይኼው ነው።

ስለ ማጉላቱ። ዘጠኝ ጊዜ ማጉላት ዒላማውን ብቻ አያጎላም፤ መንቀጥቀጡንም አብሮ ያጎላል። መስቀሉ ሲዋኝ ያየ ጀማሪ መሃል ላይ የደረሰች ቅጽበት ለመያዝ ምላጩን ይነጥቃል። ከዚህም ሌላ፣ ከመነጽሩ ኋላ የሚወጣው የብርሃን ክብ የፊት መስታወቱ ለማጉያው ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ የጸሐፊው 40 ለ9 ሲካፈል 4.4 ሚሊ ሜትር፣ የፊት መስታወቱ 32 የሆነ አራት ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ግን 32 ለ4 ሲካፈል 8 ሚሊ ሜትር። በሁለተኛው ዓይንን ማስገባት በሰፊ በር እንደመግባት ነው። አራት ጊዜ ብቻ የሚያጎላ፣ የማይቀያየር መነጽር ያረጀ ፋሽን ይመስላል፤ 50 ያርድ ላይ ግን የሚጎድለው ነገር የለም ለማለት ምንም አልቀረኝም። ምንም አልቀረኝም ያልኩት አንድ ነገር ስለሚጎድለው ነው፦ የትዌንቲ ቱ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ በአራት ጊዜ ማጉላት የዒላማው ጥቁር ክብ ላይ የገባውን ማየት ያስቸግራል። በዚህ የጸሐፊው ዘጠኝ ይበልጠኛል። ይኼን ችግር የማይፈልግ ሰው በ50 ያርድ የተዘጋ፣ ከ2 እስከ 7 የሚያጎላ የሪምፋየር (ለትዌንቲ ቱና ለመሰሎቹ የተሠራ) መነጽር ይግዛ፤ መሃል መንገድ ነው፣ እኔም ያለኝ እሱ ነው።

ካርቶኑን በተመለከተ ብዙ አልልም። የመጀመሪያ ጠመንጃዬ መነጽሩ ተገጥሞ የተሸጠልኝ ነበር። የመነጽሩ ማሰሪያ ብሎኖች ከፋብሪካው ላልተው መጡ፤ እኔ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ የራሴን ዓይን ስጠራጠር ከረምኩ። ብሎኖቹን ካጠበቅሁ በኋላ ደግሞ የመነጽሩን ማስተካከያ ቁልፍ ሳዞረው መስቀሉ አንዴ አይንቀሳቀስም፣ አንዴ ተስፈንጥሮ ይሄዳል። በካርቶኑ ዋጋ ውስጥ የመነጽሩ ድርሻ ስንት እንደሆነ አስቡት። (ስለ ማስተካከያው ካነሣሁ አይቀር፦ ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» የሚልባት አንዷ እርምጃ በ100 ያርድ ሩብ ኢንች የምታንቀሳቅስ ከሆነ በ50 ያርድ የምታንቀሳቅሰው ግማሹን ነው። ስለዚህ የምታስቡትን እጥፍ አዙሩ። ጽሑፉ ይኼን ዘሎታል፤ ስንቱ ሰው «መነጽሬ ተበላሽቷል» ብሎ እንደመለሰ እግዜር ይወቀው።)

ጥይቱ ላይ ስንደርስ ከጸሐፊው ጋር የማልስማማው በሳይንሱም በሒሳቡም ነው። «ፈጣን ጥይትን ነፋስ አይገፋውም» የሚለው ለጆሮ ልክ ይመስላል፤ እኔም ለዓመታት አምኜበት ነበር። ነገር ግን ነፋስ ጥይትን የሚገፋው በአየር ላይ በቆየበት ጊዜ ልክ አይደለም። የሚገፋው በዘገየበት ጊዜ ልክ ነው፤ ማለትም አየር ባይኖር ኖሮ ከሚፈጅበት ጊዜ በላይ አየሩ ይዞት በቆየው ትርፍ ጊዜ። ጥይት ከአየር ጋር ክፉኛ የሚታገለው ደግሞ የድምፅን ፍጥነት ሲያልፍና በዚያ ዙሪያ ሲሆን ነው። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 1,125 ጫማ ገደማ ነው። ተራው ወይም ስታንዳርድ የሚባለው ጥይት 1,070 ጫማ አካባቢ ይነሣል፤ ከድምፅ በታች ስለሆነ ረጋ ብሎ ይሄዳል። ፈጣኑ 1,235 አካባቢ ይነሣና ያንን ትርፍ ፍጥነት ገና መንገድ ላይ ሳለ ያራግፈዋል፤ መዘግየት ያልኩት ይኼንን ማራገፍ ነው። ውጤቱ፦ በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ነፋስ 100 ያርድ ላይ ስታንዳርዱን አራት ኢንች ተኩል ገደማ ሲገፋው ፈጣኑን ከአምስት ኢንች በላይ ይገፋዋል። ፈጣኑ ይበልጥ ይገፋል ማለት ነው፤ ጽሑፉ ከጻፈው ተቃራኒ።

ፈጣኑ ምንም ጥቅም የለውም አላልኩም። ጠመንጃው 50 ያርድ ላይ ቢስተካከል 100 ያርድ ላይ ስታንዳርዱ ሰባት ኢንች ገደማ ሲወርድ ፈጣኑ ስድስት ገደማ ይወርዳል። አንድ ኢንች ያተርፋል። ግን መውረድ የታወቀ ነገር ነው፤ ዛሬም ነገም ያው ስለሆነ ማስተካከያውን አዙሮ መገላገል ነው። ነፋስ በየደቂቃው ይለዋወጣል። ከሁለቱ አንዱን ማቃለል የምችል ከሆነ የማቃልለው የማላውቀውን ነው። ሌላው እውነት፣ አንዳንድ ሰሚ አውቶማቲክ በስታንዳርድ ጥይት ቀለሁን በደንብ አይተፋም፤ ስለዚህ ጸሐፊው ፈጣኑን የመከሩት የመጀመሪያው ምክራቸው ስላስገደዳቸው ይመስለኛል። ባለ መቀርቀሪያው ቀለሁን የሚያወጣው በእጅ ስለሆነ ቀርፋፋም ሆነ ፈጣን ያለ ማጉረምረም ይቀበላል።

500 ፍሬ የያዘው ሳጥንስ? የትዌንቲ ቱ ጥይት ከሌላው የሚለየው የሚያቀጣጥለው ቅመም መሃል ላይ ሳይሆን በቀለሁ ከንፈር ውስጥ ዙሪያውን መሆኑ ነው። ቅመሙ በእኩል ካልተዳረሰ አንዱ ጥይት ከሌላው ጋር በፍጥነት አይስማማም። ቀለሁን መልሶ መሙላት ስለማይቻልም ሰውዬው ከፋብሪካው የመጣለትን ከመውሰድ ሌላ ምርጫ የለውም። ርካሹ የጅምላ ሳጥን ይኼ ልዩነት የሚበዛበት ነው። የባሰው ደግሞ እያንዳንዱ በርሜል የራሱ ምርጫ ያለው መሆኑ ነው፤ ከአንድ ፋብሪካ በተከታታይ የወጡ ሁለት ጠመንጃዎች የተለያየ ጥይት ሊወዱ ይችላሉ። የኔው፣ 50 ያርድ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ጥይት አምስቱን በአንዲት የኳርተር ሳንቲም ሥር ይሰበስባል፤ በሌላው፣ በዋጋው እጥፍ በሆነው፣ የኳርተሯን ስፋት እጥፍ ያህል ይበትናቸዋል። ይኼን በምን አውቃለሁ? በመሞከር ብቻ።

ስለዚህ 500 ፍሬ በአንዴ ከመግዛት ይልቅ ከአራት አምስት ዓይነት 50፣ 50 ፍሬ ገዝቶ ወንበር ላይ ተደግፎ መሞከር ነው፤ ጅምላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አንድ ማሳሰቢያ፣ ጥይት ስትቀይሩ የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ያህል አትቁጠሩ፤ የእርሳሱ ሰም በርሜሉ ውስጥ የቀድሞውን እስኪተካ ድረስ በርሜሉ ገና አልለመደውም። ሒሳቡን ደግሞ እዩት፤ አንድ ሰው ቅዳሜ 100 ጥይት ቢተኩስ፣ ፍሬው 10 ሳንቲም ቢሆን፣ በዓመት አርባ ቅዳሜ ቢመጣ፣ 400 ዶላር ሆነ። ጠመንጃውን አንዴ ገዛው፤ ጥይቱን ግን በየዓመቱ የጠመንጃ ዋጋ እየከፈለ ይገዛዋል። ጽሑፉ ርካሽ ጠመንጃ ሲፈልግ ሰባት ገጽ ፈጅቶ ለጥይቱ ሦስት መስመር መስጠቱ የተገላቢጦሽ ነው።

«ያገለገለ ጠመንጃ የሌላ ሰው ችግር ነው።» መኪና ላይ ቢሆን ዝም እል ነበር። የትዌንቲ ቱ ጥይት ግን ለስላሳ እርሳስ ነው፣ ባሩዱም ጥቂት፤ በርሜሉን ተኩሶ መጨረስ የብዙ አሥር ሺህ ጥይት ሥራ ነው። ጣራ ሥር ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ አርባ ዓመት የተቀመጠ፣ ባለቤቱ በልጅነቱ ጥቂት ቆርቆሮ የመታበት ጠመንጃ በርሜሉ ገና ወጣት ነው። እኔ አሁን የምተኩስበት ሰደፉ የዋልነት እንጨት የሆነ አሮጌ ባለ መቀርቀሪያ ነው፤ 140 ዶላር ነው የከፈልኩበት፣ መያዣ ቤት (ፓውን ሾፕ) ጥግ ላይ ቆሞ አቧራ ጠጥቶ። በላዩ «ዌስተርን ፊልድ» ተጽፎበታል፤ ሞንትጎመሪ ዋርድ የሚባለው የድሮ ሱቅ ይሸጥበት የነበረው ስም ነው፣ የሠራው ግን ሞስበርግ የሚባለው የጠመንጃ ፋብሪካ። ሲርስ የሚባለው ሱቅም «ጄ ሲ ሂጊንስ» እያለ በሌሎች ፋብሪካዎች ያሠራ ነበር። ሰብሳቢዎች እነዚህን የሱቅ ስሞች ስለማይፈልጓቸው ዋጋቸው ወረደ። ለኛ ሠርግና ምላሽ ነው።

እርግጥ ዝም ብሎ አይነሣም፤ በዚህ ላይ የጸሐፊው ፍርሃት መሠረት አለው። ትዌንቲ ቱን ባዶውን ደጋግሞ የተኮሰ ሰው ካለ መርፌው ጥይቱ የሚቀመጥበትን ጠርዝ እየመታ ይሰረጉደዋል፤ ከዚያ ቀለሁ ይጣበቃል። መቀርቀሪያውን አውጥታችሁ በስልክ መብራት ጠርዙን እዩ። አፈሙዙ ጫፍ ላይ፣ በርሜሉ ውስጥ ያሉት ጠመዝማዛ ጥርሶች በወልዋይ ዘንግ ከተበሉ ተዉት፤ ጥይቱ በመጨረሻ የሚሰናበተው በዚያ ነው። የላይኛው ብረት ላይ ሁለት ትይዩ ቦይ ካለ 11 ሚሊ ሜትር የሚባለው የመነጽር ማሰሪያ ይገባበታል፤ በጣም የቆዩት ቦይ የላቸውም፣ ማስቦርቦር ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። መቆለፊያው (ሴፍቲው) እንደሚሠራ፣ መቀርቀሪያው ተዘግቶ ምላጩ ሳይነካ እንደማይተኩስ ባለሙያ ያሳያችሁ። አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ደግሞ ላንሣ፦ አንዳንድ አሮጌ ርካሽ ትዌንቲ ቱ ተከታታይ ቁጥር የለውም። የተፋቀ ከሆነ ወንጀል ነው፣ እጃችሁን አንሡ። ግን በሁሉም ጠመንጃ ላይ ቁጥር የግድ የሆነው በ1968ቱ ሕግ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራው ድሮም ላይኖረው ይችላል። ፈቃድ ያለው ነጋዴ ልዩነቱን ያውቀዋል።

ስለ ሰቨንቲን ኤች ኤም አር አጭር ልበል። በ2002 የመጣ ግሩም ጥይት ነው፤ በሰከንድ 2,550 ጫማ ይሮጣል፣ 150 ያርድ ላይ ለሚያድን ገበሬ ይመቸዋል። ዋጋው ግን ከትዌንቲ ቱ እጅግ ይበልጣል። ለወረቀት ብሎ እሱን መግዛት ዳቦ ለማምጣት ታክሲ እንደመኮናተር ነው።

የዜግነቱ መስመር ግን መታረም አለበት፤ ብዙ ሰው አስፈርቷል። በፌዴራሉ ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ በዲቪ የመጣውን ጨምሮ፣ ዕድሜው 18 ከሞላና ሌላ የሚከለክለው ነገር ከሌለ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ጠመንጃ መግዛት ይችላል። 4473 የሚባለውን ቅጽ ይሞላል፣ ማጣሪያው ይካሄዳል፣ አለቀ። ጸሐፊውን ያሳሳታቸው ምናልባት በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ ያለው ሰው መሆኑ ነው፤ እሱ እንደ አደን ፈቃድ ያለ በሕጉ የተጠቀሰ ምክንያት ከሌለው በቀር አይችልም። ቅጹ ላይ መዋሸት ከባድ ወንጀል ነው፤ ጥያቄውን ያልገባው ሰው ነጋዴውን ይጠይቅ፣ «ዝም ብለህ አዎ በል» የሚል ጓደኛውን አይስማ። የየስቴቱ ሕግም ይለያያል። ዲሲ ያላችሁ እያንዳንዱን ጠመንጃ ማስመዝገብ አለባችሁ፤ ቨርጂኒያ ያለነውም መኪናችን ውስጥ ጠመንጃ እያለ የፖቶማክን ድልድይ ዝም ብለን አንሻገርም።

የአክስቴ ልጅ ይኼን ሁሉ ካነበበ በኋላ «እሺ፣ 400ውን ከፋፍልልኝ» አለኝ። ከፋፈልኩለት። ያገለገለ ባለ መቀርቀሪያ፣ እስከ 160። በ50 ያርድ የተዘጋ የሪምፋየር መነጽር፣ እስከ 110። ማሰሪያው 20። ጆሮና ዓይን መሸፈኛ 30። የተረፈው 80 ዶላር ሁሉ ጥይት፤ መጀመሪያ አምስት ዓይነት አንድ አንድ ሳጥን፣ ከዚያ ጠመንጃው የመረጠውን። ለጸሐፊውም ግብዣ አለኝ፤ ሰሚ አውቶማቲካቸውን ከነካርቶን መነጽሩ ይዘው አንድ ቅዳሜ ይምጡ፣ እኔ ዌስተርን ፊልዴን ይዤ እመጣለሁ፤ አምስት አምስት ጥይት፣ 50 ያርድ፣ አንድ ኳርተር። የተሸነፈ ቡና ይጋብዛል።